ሦስት ሰከንድ ለደራሲ

ድሮ ደራሲ ከአንባቢው ጋር የሚተያየው በመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ላይ ነበር። እሱም አንዴ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ደራሲው አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ዓይኑን ከፎቶ ቤቱ መጋረጃ ወዲያ ወዳለ አንድ የማይታወቅ ቦታ ልኮ ይታያል። እጁ ለምን አገጩን እንደሚደግፍ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጭንቅላቱ ከሐሳብ ብዛት ስለከበደው ነው ብለን ዝም ብለን እናከብረዋለን። ከሥሩ የተወለደበት ቦታና የተማረበት ትምህርት ቤት ይዘረዘራል፤ «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነው» የምትል መስመርም ትከተላለች። በቃ። ከዚያ ወዲያ ደራሲው ወደ ጓዳው፣ አንባቢው ወደ ንባቡ።

አሁን ያ ፎቶ እንዲንቀሳቀስ ተፈርዶበታል። መናገር አለበት፤ መሣቅ አለበት፤ ሲብስም ትከሻውን መነቅነቅ አለበት። ረቂቁን በፌስታል ይዞ አሳታሚ ዘንድ የሄደ ደራሲ፣ ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት «ስንት ተከታይ አለህ?» ይባላል። ይህ ጥያቄ ቀድሞ የሚቀርበው ለሃይማኖት መሥራቾች ነበር።

ጎረቤቴ ጋሼ ይህን ዘመን ያገኙት በጡረታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በአማርኛ መምህርነት ጨርሰው፣ ከተማሪ ደብተር ላይ ቀና ሲሉ አንድ ልብ ወለድ ጻፉ። የሚያሳትምላቸው አላገኙም፤ እንደ አብዛኛው የአገራችን ደራሲ ራሳቸው ደራሲ፣ ራሳቸው አራሚ፣ ራሳቸው አሳታሚ ሆኑ። ከዕቁብም ከልጆችም ተሰባስቦ አንድ ሺሕ ኮፒ ታተመ። መጽሐፉ ግን ከማተሚያ ቤት ወጥቶ የሄደው ወደ ሕዝብ ሳይሆን ወደ ሳሎናቸው ነው። እሽጉ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ባለቤታቸው እትዬ ቡና ሲያፈሉ እንግዳ የሚያስቀምጡት እሽግ ላይ ሆነ። «ተቀመጥ፣ አይዞህ፣ ጠንካራ ነው» ይሉኛል። በመጽሐፉ ላይ እስከዚያ ቀን የተሰጠ ብቸኛው በጎ አስተያየት እሱ ነበር።

አከፋፋዩ መጥቶ ጥቂት ኮፒ ወሰደ። ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻውን እንደሚቆርጥና የቀረውን ሲሸጥ እንደሚያስረክብ በትሕትና አስረዳ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ ቪዲዮ ያሠሩ። ቲክቶክ ላይ ያልታየ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይም አይታይም» ብሎ ሄደ።

የእኅታቸው ልጅ ተጠራች። ልጅቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ክብ መብራቷን፣ የስልክ ማቆሚያዋንና ኮት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ይዛ ደረሰች። እኔም መብራት እንድይዝ ከቤቴ ተጠራሁ። ጋሼ በልጃቸው ሠርግ የለበሱትን ሱፍ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው፣ እሽጉ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ስልኩ መቅዳት ጀመረ።

«የተከበራችሁ ክቡራትና ክቡራን፣ በቅድሚያ ይህ ዕለት እውን ይሆን ዘንድ ከጎኔ ለቆሙ ሁሉ…»

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች ልጅቱ ስልኩን አቁማ። «ሰው የመጀመሪያውን ሦስት ሰከንድ ካልወደደው በጣቱ ገፍቶ ያልፋል።»

«ሦስት ሰከንድ?»

«ሦስት ሰከንድ።»

«በሦስት ሰከንድ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልጨርስም» አሉ።

ሌላ ዘዴ ቀረበ። ጋሼ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጣታቸውን ወደ ባዶ አየር ይቀስራሉ፤ ጽሑፉ በኋላ በኮምፒዩተር እዚያ ቦታ ላይ ይመጣል፤ ከበስተኋላ ዘፈን ይገባል። ጋሼ የተቀሰረ ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «አርባ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጠቁም» አሉ፣ «መጀመሪያ እጽፍ ነበር።» ቢሆንም ሞከሩ። ጣታቸው በተቀሰረበት ቅጽበት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በመስኮት ገባና የቀረጻውን ድምፅ ወሰደው። በሚቀጥለው ሙከራ ቆራሌው ሄዶ ዶሮው ተተካ። በሌላኛው ደግሞ እትዬ ቀረጻ መሆኑን ረስተው ረከቦቱን ይዘው በጋሼና በስልኩ መካከል አለፉ፤ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ተመልሰውም አለፉ። ልጅቱ በኋላ ስታየው ከሁሉም የተሻለው ያ ነበር አለች። ጋሼ አልሣቁም።

እኔም ለማጽናናት ያህል፣ ይህ መከራ የእሳቸው ብቻ አለመሆኑን ነገርኳቸው። አሜሪካኖች ለፊልም እንደሚሠራው ያለ አጭር ማስታወቂያ ለመጽሐፍም መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ቶማስ ፒንቸን የሚባል ደራሲ አላቸው፤ ከካሜራ የሚሸሽ፣ ቃለ መጠይቅ የማይሰጥ፣ ፎቶውን የፈለገ በአብዛኛው የወጣትነቱን የሚያገኝ። እሱ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 «ኢንኸረንት ቫይስ» ለተባለው ልብ ወለዱ በተሠራው ቪዲዮ ፊቱን ደብቆ ድምፁን ሰጠ። በቪዲዮው መጨረሻም ተራኪው የመጽሐፉን ዋጋ ሲሰማ ይደነግጣል፤ በዚያ ገንዘብ ድሮ የስንት ሳምንት አስቤዛ ይገዛ እንደነበር እያሰበ ያጉረመርማል። ጋሼ በዚህ ትንሽ ተጽናኑ። የመጽሐፍ ዋጋ ተወደደ የሚለው ስሞታ ባሕር ማዶም መኖሩ ደስ ብሏቸዋል።

በዓመቱ ጋሪ ሽታይንጋርት የተባለው ሌላው ደራሲ ደግሞ ባሰ። ማንበብ የማይችል ደራሲ ሆኖ ተወነ፤ የፊልም ተዋናዩ ጄምስ ፍራንኮም ተማሪው ሆኖ አጅቦታል። ሰውየው ማንበብ እንደማይችል አስመስሎ መጽሐፍ ሸጠ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሳያስመስሉ የሚሸጡ አሉ፤ ይህን ግን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

እነዚህ የአሳታሚ ገንዘብ ከኋላቸው ያለ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ይልቅ የጋሼን ልብ የነካው የሎይድ ሪቻርድስ ታሪክ ነው። ሰውየው በቨርሞንት የሚኖር የሕግ ባለሙያ ነው፤ መደበኛ ሥራውን እየሠራ፣ ልጆች እያሳደገ፣ 14 ዓመት ፈጅቶ «ስቶን ሜይደንስ» የሚል የወንጀል ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ ወጥቶም ተቀመጠ። ከአሥር ዓመት በላይ የሚያስታውሰው አልነበረም። በየካቲት 2023 ሴት ልጁ አባቷ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሲሠራ የሚያሳይ 16 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ይህን ያህል ዓመት ደክሞ እንደጻፈ፣ ሽያጭ ባይኖርም ደስተኛ እንደሆነ፣ እሷ ግን ትንሽ ቢሸጥለት እንደምትመኝ በአጭሩ ጻፈችበት። ሚሊዮኖች አዩት። መጽሐፉ በአማዞን የሽያጭ ዝርዝር አንደኛ ወጣ። አባትዬው ምን እንደተፈጠረ ሲሰማ አለቀሰ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ሾን ዋርነር የሚባል ደራሲ ቴክሳስ ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ የሸቀጥ መደብር ገብቶ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ መጽሐፎቹን ደርድሮ ተቀምጧል። ሰዉ ወተትና ዳቦውን እየገፋ ያልፈዋል። አንድ የማያውቀው ገበያተኛ ቆም አለና አናገረው፤ መጽሐፉን ገዛው፤ ወሬያቸውንም ቀርጾ ለቀቀው። ያ መጽሐፍም ወደ ሽያጩ ዝርዝር አናት ወጣ።

ሁለቱን ሰዎች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። አንደኛው ጀርባውን ለስልኩ ሰጥቶ ሥራውን ይሠራል። ሁለተኛው የሚያነጋግረው በማግኘቱ ብቻ ደስ ብሎታል። «መጽሐፌ ድንቅ ነው፣ ግዙኝ» ያለ የለም፤ የተናገረላቸው ሌላ ሰው ነው። የራሱን መጽሐፍ በራሱ አፍ ሲያወድስ የሚውል ደራሲ፣ ራሱን ሽማግሌ አድርጎ የላከ ሙሽራ ነው። የሙሽሪት አባት ምንም ጨዋ ቢሆን «እስቲ ሌሎቹ ይምጡና እንነጋገራለን» ማለቱ አይቀርም።

ራሱ እየተናገረ የተሳካለት የለም ወይ? አለ፤ ጆን ግሪን። እሱ ግን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከወንድሙ ጋር ሆኖ በዩቲዩብ ስለ ሁሉም ነገር ሲያወራ ነው የኖረው፤ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ቀልድ። ለዓመታት የሰው ቤት ገብቶ ወግ ሲጠርቅ የቆየ ሰው እ.ኤ.አ. በ2011 የአዲሱን ልብ ወለድ ርእስ ቢናገር፣ መጽሐፉ ገና ሳይታተም በቅድሚያ ግዢ ብቻ አንደኛ ወጣ። የመጀመሪያውን ዕትም በሙሉ እፈርማለሁ ብሎ ቃል ስለገባም 150,000 ቅጂ ሲፈርም ክንዱ አበሳውን አየ። ጋሼ ቁጥሩን ሰምተው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አሹት። የእሳቸው ፊርማ ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው የያዘ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የእኛ የመጽሐፍ ቪዲዮ በአመዛኙ የምርቃት ቪዲዮ ነው። በወመዘክር አዳራሽ ይሁን በሀገር ፍቅር፣ ሥርዓቱ አንድ ነው። የክብር እንግዳው ዘግይቶ ይመጣል። ግጥም ይቀርባል፤ ሌላ ግጥም ይቀርባል። ከዚያ ዳሰሳ አቅራቢው ይነሣና «ጊዜው ስለተጣበበ ባጭሩ» ብሎ ይጀምራል። በዚህች «ባጭሩ» ውስጥ ማን ማንን እንዳፈቀረ፣ ማን እንደከዳ፣ በመጨረሻም ማን እንደሞተ አንድ በአንድ ተናግሮ ሲያበቃ፣ «የቀረውን ከመጽሐፉ ታነቡታላችሁ» ይላል። የቀረው የገጽ ቁጥር ነው። ይህ ሁሉ ሳይቆረጥ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። የሚያዩት በአብዛኛው ንግግር ያደረጉት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም የየራሳቸውን ቦታ ብቻ።

ድሮ፣ ያለ ቪዲዮ ደግሞ፣ መጽሐፍን እንደ ክልከላ ያሻሻጠው ነገር አልነበረም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ቀድሞ የማያነብ ሰው ሁሉ ፈላጊ ሆነ፤ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደራሲው ግን በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ለጠላትም አይመኙት።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ፣ ሦስቱን ሰከንድ ከቲክቶክ በፊት የሚያውቅ ባለሙያ በየመንገዱ እያለን አለማየታችን ነው፤ የመጽሐፍ አዟሪው። ክምሩን እስከ አገጩ ተሸክሞ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ይደርሳል። ማኪያቶህን እያማሰልክ ሳለ ቀና ስትል፣ ከክምሩ መሐል አንዱን መዝዞ አውጥቷል። «ይቺን አንብበሃታል?» ይልሃል። አላነበብኩም ካልክ «ኧረ በናትህ!» ብሎ በሐዘኔታ ያይሃል። አንብቤያለሁ ካልክ ደግሞ የዚያኑ ደራሲ ሁለተኛውን ያወጣል። መጽሐፉን ሁልጊዜ አንብቦት ላይሆን ይችላል፤ ፊትህን ግን አንብቦታል። የጋሼን እኅት ልጅ የመከርኳት ይህንን ነው፦ አጎትሽን ተያቸውና አንድ አዟሪ ቅረጪ።

መጽሐፍን በድምፅ ሰው ልብ ውስጥ ማስገባትም ቢሆን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሟል፤ ብዙ ቤት የገባው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ፊታውራሪ መሸሻን በድምፃቸው ለይተው ያውቁ ነበር፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ቤቱ ጸጥ ይላል። መብራት የለ፣ ጣት መቀሰር የለ፣ ዘፈን የለ። ወጋየሁ ያደረገው ማንበብ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ መጽሐፋቸው ጥሩነት ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

የዛሬዎቹ የዩቲዩብ ተራኪዎችም የዚያ ትረካ ልጆች ነን ይላሉ፤ አንዳንዶቹ በእርግጥ ናቸው፣ ደራሲውን አስፈቅደውና ከፍለው የሚሠሩ። የቀሩት ግን መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብበው ይለቁታል፤ በየመሐሉም «ሰብስክራይብ ማድረግ፣ የደወሏን ምልክት መጫን እንዳትረሱ» ይሉናል፤ ደራሲውን ማስፈቀድ ብቻ እነሱ ይረሳሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ያለ ደራሲው ፈቃድ ሥራውን ማባዛትና ለሕዝብ ማሰራጨት አይቻልም ይላል። አዋጁን ይዞ፣ ስሙም መልኩም የማይታወቅ ቻናል ፈልጎ፣ መጥሪያ ማድረስ ግን ሌላ ልብ ወለድ ከመጻፍ ይከብዳል። አንድ ገጽ ብታነብልኝ አሻሻጥክልኝ፤ ሙሉውን ካነበብክልኝ ምን ቀረልኝ?

የጋሼ ነገር የተፈታውም በአንድ ገጽ ነው። ጣት መቀሰሩ፣ መጽሐፉን በፊት ላይ አድርጎ ድንገት ብቅ ማለቱ፣ ሁሉም ከከሸፈ በኋላ ተናደዱ። «እኔ የምችለው አንድ ነገር ነው» አሉና መነጽራቸውን አድርገው፣ ከመጽሐፋቸው አንዱን ገጽ ከፍተው፣ ለአርባ ዓመት ክፍል ውስጥ የቃል ጽሕፈት ባጻፉበት ድምፅ ማንበብ ጀመሩ። ልማድ ነውና ሥርዓተ ነጥቡንም አልተዉትም። «ዝናቡ ቆመ፣ ነጠላ ሰረዝ፤ እሷ ግን አልመጣችም፣ አራት ነጥብ።» ልጅቱ ልታቆማቸው ስልኩን ያዘች፤ ከዚያ ተወችውና ሣቋን በእጇ ይዛ ቀዳች። ያንኑ ለቀቀችው።

በማግሥቱ አስተያየቱ ጎረፈ። «ይህ ድምፅ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል» ያለው የድሮ ተማሪያቸው ነው። ሌላዋ ከቨርጂኒያ፣ «ጋሼ፣ ድርብ ሰረዝ ረስቼ በኩርኩም የመቱኝ እኔ ነኝ፤ ስድስት ኮፒ እፈልጋለሁ» ብላ ጻፈች። አንዱ ከዱባይ፣ አንዱ ከአዋሳ። ተማሪ ያልነበሩም መጡ፤ እሷ ለምን እንዳልመጣች ማወቅ የፈለጉ። ወደ አሜሪካ በፖስታ መላክ ከመጽሐፉ ዋጋ እንደሚበልጥ ሲታወቅ፣ መጽሐፎቹ በየመንገደኛው ሻንጣ ከሽሮና ከበርበሬ ጋር ተጓዙ። ከገዢዎቹ አንዱ ገጾቹ ቀልተው እንደደረሱት በፎቶ አስደግፎ አመስግኗል።

ጋሼ ለእያንዳንዱ አስተያየት መልስ ሰጡ። መጀመሪያ የጸሐፊውን ፊደል ያርማሉ፤ «ጸሐይ» የጻፈውን «ፀሐይ» ያደርጉለታል። ቀጥሎ ያመሰግናሉ። ያስቸገራቸው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ «ጋሼ ፒዲኤፍ አለዎት?» የሚለው። እንዲህ ብሎ የሚጽፈው ከሁሉም ይበዛል። ጋሼ ጥቂት አሰቡና ለሁሉም አንድ መልስ ለጠፉላቸው፦ «ልጆቼ፣ እኔ የማንኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም።»

ይህ ከተለጠፈ በኋላ ጠያቂው እጥፍ ሆነ። ፒዲኤፍ ምን እንደሆነ የእኅታቸው ልጅ ስታስረዳቸው፣ ፓርቲ ቢሆን ይሻል እንደነበር ተናገሩ።

ሳሎናቸው አሁን ግማሹ ተለቅቋል፤ ሶፋው ላይ መቀመጥ ይቻላል። ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምረዋል ይባላል፤ እትዬ ከወዲሁ የሚያስቀምጡበትን ቦታ እየለኩ ነው። የአንድ ደራሲ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ የመጣ እንደሆነ እባካችሁ ሦስተኛውን ሰከንድ ተሻገሩት፤ ጉሮሮውን ይጥረግ። ደስ ካላችሁ መጽሐፉን ግዙ፤ ካልሆነም ጓደኛችሁን አስገዙት። ብቻ ከሥሩ «ፒዲኤፍ አለው?» ብላችሁ አትጻፉ።